ግራ የዞረ ሰፌድ

የሺሀረግ ኢፋው የጭነት መኪና ላይ ስትንጠላጠል ሙዚየም ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ማወቁም አላስጓጓትም። እሷን ከቤቷ ያስነሳት መንገዱ ነው። መኪናው ከዐሥራ አራት ቁጥር መንደር ተነሥቶ አሶሳ ይገባል፤ ከአሶሳ ደግሞ ባምባሲን አልፎ ወንዝ ዳር ድረስ ይወርዳል ተብሏል። በዚያ ሁሉ መንገድ ግራና ቀኝ ስንትና ስንት የሰፈራ መንደር አለ። ከአንዱ ውስጥ ታናሽ እህቷ ጠጂቱ አለች፤ ወይም ሞታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሺሀረግን ያንገበገባት ይኸው ነው፤ አለች ወይስ የለችም።

ያለያያቸው የገዛ ግትርነቷ ነበር። በድርቁ ዓመት ከወሎ ሰው ሲጫን፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ስም የሚጠራው ሰውዬ ወረቀቱን አየና «የሺእመቤት!» አላት።

«የሺሀረግ ነኝ።»

«ያው ነው፣ ግቢ!»

«ያው አይደለም። በሰው ስም አልሳፈርም። የሺእመቤት የምትባል ሴት ካለች እሷን ጥራና ጫናት» ብላ ፍንክች አልል አለች። ጠጂቱ ከባሏ ከሀብቱ ጋር ቀድማ ገብታ ስለነበር፣ ከውስጥ ሆና «ኧረ ግቢ እታለም፣ ስም ምን ይሠራልሻል!» እያለች ስትጮህ በሩ ተዘጋ። የሺሀረግ በማግስቱ በትክክለኛ ስሟ ተጫነች። አሶሳ ስትደርስ የትናንቶቹ ወደ አንድ በኩል፣ የዛሬዎቹ ወደ ሌላ በኩል ተመድበው ቆዩዋት። የትናንቶቹ የት ገቡ ብላ ያልጠየቀችው ሰው የለም። መንደሩ እንደ ሰው አገር በስም አይጠራ፣ በቁጥር ነው። ቁጥሩ ብዙ፣ የሚያውቀው ጥቂት። ከመንደር መንደር ለመሻገር ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ትክክለኛ ስሟን ታቅፋ ብቻዋን ቀረች።

ዕለቱ የካቲት ሃያ ዘጠኝ ነው፣ የሴቶች ቀን። በእርሻ ሥራ ምስጉን የተባሉ ሠላሳ ሁለት ሴቶች ተመርጠው የአንድ ቀን ጉብኝትና መዝናናት ተፈቅዶላቸዋል። ምስጉን ማለት በማሳው ላይ ከሌላው ይበልጥ የደከመች ማለት ስለሆነ፣ መኪናው ላይ የወጡት ሁሉ ገና ሳይሄዱ የደከሙ ናቸው።

«ሙዚየም ማለት ሙዝ የሚታደልበት ነው» አለች ጎረቤቷ መነን። ባዶ ኬሻ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። «አሶሳ ሙዝ ሞልቷል ሲሉ አልሰማሽም? ምነው ባዶ እጅሽን መጣሽ?»

«ሙዝ ቢሆንማ ለኛ መች ይነግሩን ነበር።»

«አንቺ ደሞ ሁሌ ጨለምተኛ ነሽ። ስንካፈል እንዳትጠጊኝ።»

የመንደሩ ካድሬ ጓድ ታረቀኝ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ከኋላ ያሉት ሴቶች አቧራውን እየዋጡ፣ ጉድባው ባነሣቸው ቁጥር እየተላተሙ፣ ከመንገዱ ዳር የሚሸሸውን የቀርከሃ ጫካ እያዩ ሄዱ። ሁለቱን አስመለሳቸው። የሺሀረግ የመኪናውን ብረት ጨብጣ፣ በየመገንጠያው የቆመውን ታፔላ በዓይኗ ታሳድዳለች። በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይታለች፤ ፊደል ግን ገና ይጠፋፋባታል። ስምንት ቁጥር አለፈ። ዐሥራ ሁለት አለፈ። ቁጥሩ ግን ሰው አይናገር።

አሶሳ ሲደርሱ ሙዚየሙ የእህል መጋዘን ሆኖ ተገኘ። ኖራ ቀብተው፣ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ወጥረውበታል። መነን ኬሻዋን እንደያዘች ቀድማ ገባች፤ ዙሪያውን ቃኘች፤ ተመልሳ ወጣች።

«ሥዕል ነው» አለች፣ ሰው እንደ ሰደባት ሁሉ።

«ምን ይዋጥሽ!» አለች የሺሀረግ። ሴቶቹ ሳቁባት፤ መነን ኬሻዋን ወገቧ ላይ አሰረችው።

ልጅ እግር አስጎብኚ በቀጭን ዘንግ እየጠቆመች ታስረዳ ጀመር። ግድግዳውን የሞላ አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። ሰፋሪዎች ናቸው፤ ወንዱም ሴቱም ጥርሱ ነጭ፣ ጉንጩ ሙሉ፤ ከኋላቸው ትራክተርና አንዲት የሰባች ላም ቆመዋል፤ በቆሎው ሰው ያክላል።

«ይህ የእናንተ ሕይወት ነው» አለች አስጎብኚዋ።

ሴቶቹ ቀረብ ብለው አዩት።

«እውነትም የኛ ነው» አለች መነን። «ያቻት ከዳር ያለችው እኔ ነኝ። ወፈርኩ እንጂ።»

«ላሟስ የማን ናት?» አለች አንዷ።

«የመንግሥት ትሆናለች፤ ያንቺማ ብትሆን ጎድኗ ይቆጠር ነበር።»

ጓድ ታረቀኝ «ጓዶች፣ በሥርዓት!» አለ። እሱም ግን ላሟን ሰረቅ አድርጎ አያት።

የሺሀረግ አትስቅም፣ አትሰማም። እግሯ ስላበጠ የምትቀመጥበት ፍለጋ ወደ ጥጉ ዘልቃለች። እዚያ የእጅ ሥራ ተደርድሯል፤ ቅል አለ፣ የቀርከሃ ዘንቢል አለ፣ ምንጣፍ አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ በምስማር የተሰቀለ አንድ ሰፌድ አለ። ሰፌድ ግድግዳ ላይ ምን ሊያበጥር ነው ብላ ልታልፈው ስትል፣ ዓይኗ ስፌቱ ላይ ቀረ።

ሰፌዱ ግራ የዞረ ነው።

ሰው ሁሉ ስፌት ሲሰፋ ከመሀል ጀምሮ ወደ ቀኝ እያዞረ ነው የሚሄደው። ይህ ግን ከእምብርቱ ጀምሮ ወደ ግራ ተጠቅልሏል። በነሱ አገር እንዲህ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ግራኟ ጠጂቱ። እናታቸው ወስፌውን ከግራ እጇ እየነጠቁ በቀኟ ቢያስይዟት፣ ዘወር ሲሉ መልሳ በግራዋ ትወጋለች። ገበያ ብታወጣው የሚገዛት የለም፤ «ግራ ሰፌድ በረከት ይበትናል» ይላሉ። ስለዚህ የጠጂቱ ስፌት ሁሉ ከቤት አይወጣም ነበር። የሺሀረግ አገሯን እስክትለቅ ያበጠረችው በግራ ሰፌድ ነው። እዚህ ለስፌት የሚሆን አክርማ የለ፣ ስንደዶ የለ፤ ቀርከሃ ሰንጥቃ ነው የሰፋችው። እጁ ግን ያው እጅ ነው።

ሄዳ ከምስማሩ አወረደችው።

«አይነካም! እማማ፣ አይነካም!» እያለች አስጎብኚዋ ሮጠች።

«ይሄን የሰፋችው የት ናት?»

«እባክዎ ይስቀሉት፣ ቅርስ ነው።»

«ቅርስ አይደለም፣ ሰፌድ ነው። የሰፋችው እህቴ ናት። የት እንዳለች ንገሪኝና ራሴ እሰቅለዋለሁ።»

ልጅቱ ጓድ ታረቀኝን አየች፣ የሺሀረግን አየች። ሴትየዋ ሰፌዱን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን ይዛዋለች፤ የምትሰጥም አትመስል። ልጅቱ ጎንበስ ብላ ከምስማሩ ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት አነበበች። «ከአርባ ሰባት ቁጥር መንደር ሴቶች የተበረከተ፤ በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት።»

«አርባ ሰባት የት ነው?»

«ባምባሲን አልፎ፣ ከወንዙ ማዶ።»

የሺሀረግ ሰፌዱን ሰቀለችው። ምስማሩን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ሰባ ስምንት ማለት ባለፈው ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት ጠጂቱ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ደግሞ ወባው ከየመንደሩ ስንቱን ጠርጎ እንደወሰደ አሳምራ ታውቃለች።

መኪናው ዘንድ ጓድ ታረቀኝን ያዘችው።

«ጓድ፣ የምንሄድበት ወንዝ ማዶ እህቴ አለች። አይቻት ልምጣ።»

«የይለፍ ወረቀት አለሽ?»

«ሁለት ዓመት ጠየቅኩህ፣ መች ሰጠኸኝ?»

«እንግዲያው አይሆንም። የሺሀረግ፣ ስሚኝ፤ ሠላሳ ሁለት ሴት ፈርሜ ነው ያወጣሁት። አንዷ ብትጎድል ኮበለለች ይባላል። የኮበለለ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ፤ እኔም ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ።» ድምፁ የቁጣ አልነበረም። እሱም ሌሊት ተነሥቶ መንገድ ሲያንገላታው የዋለ ሰው ነው። «ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«ደብዳቤ እግር የለው» አለችና መኪናው ላይ ወጣች።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ብላለች። በጋ ስለሆነ ውኃው ወደ መሀል ሸሽቶ፣ ዳርና ዳሩ ሰፊ ነጭ አሸዋ ሆኗል። የሾላ ዛፎች ጥላቸውን ጥለውበታል። ጓድ ታረቀኝ ፊሽካ ነፋና «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተዝናኑ!» ብሎ አዘዘ።

ሴቶቹ ተያዩ። ከተወለዱ ጀምሮ ወንዝ የወረዱት ወይ ውኃ ሊቀዱ ወይ ልብስ ሊያጥቡ ነው።

«እንዴት ነው የሚደረገው?» አለች አንዷ።

«እኔ እንጃ። ተቀመጡ መሰለኝ» አለች መነን። ኬሻዋን ፈትታ አነጠፈችና ተጋደመችበት። «እሰይ! ለካ ለዚህ ነው ያመጣሁት። ኑ ተዝናኑ፣ ትእዛዝ ነው።»

አንድ በአንድ ኮንጎ ጫማቸውን እያወለቁ ተጋደሙ። ጥቂት ቆይቶ ግማሾቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

የሺሀረግ አልተቀመጠችም። ወንዙ ውስጥ አንዲት የበርታ ሴት እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ በእንጨት ገበቴ አሸዋ እያጠበች ወርቅ ትፈልጋለች። አሸዋውን ታሽከረክራለች፣ ውኃውን ትደፋለች፣ ታቀረቅራለች፣ ምንም፤ እንደገና ትዝቃለች። የሺሀረግ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እሷ ገባች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ።»

«ሰላም። አንተ ሐበሻ ነው? ከየት መጣ?»

«ከዐሥራ አራት ቁጥር። የሺሀረግ እባላለሁ።»

«እኔ ኢንዓም።» ሴትየዋ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «ዛሬ ወርቅ የለም። ድካም ብቻ።»

«አርባ ሰባት ቁጥርን ታውቂዋለሽ?»

«አርባ ሰባት ቅርብ ነው። ከዛፉ ወዲያ። እኔ ሽንኩርት እሸጣል እዚያ።»

«ጠጂቱ የምትባል ሴት… በግራ እጇ የምትሰፋ…»

«ጠጂቱ! ግራ!» ኢንዓም ግራ እጇን አንሥታ በአየር ላይ ወጋች፤ ፊቷ ፈካ። «ወላሂ ያውቃል። ጎበዝ ነው። እሱ ለእኔ ሰፌድ ሰጠ።» ፊቷ ወዲያው ተመልሶ ጠቆረ። «መስኪን! ክረምት ወባ ያዘ። እሱ ሞተ።»

የሺሀረግ የገበቴውን ጠርዝ ያዘች።

«ማን?» አለች የሺሀረግ።

«እሱ። ጠጂቱ ቤት። ሞተ፣ ቀበረ።»

የኢንዓም ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛውን የያዘችው ከገበያ ነው። ለወንዱም «እሱ»፣ ለሴቷም «እሱ» ነው የምትለው፤ የሺሀረግን እንኳ «አንተ» ብላታለች። እሱ ያለችው ሀብቱን ይሁን ጠጂቱን ከአፏ መለየት አይቻልም። የሺሀረግ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጢም ብታሳያት፣ ወይ ጡቷን ብትነካ፣ ነገሩ ባንድ አፍታ ይለይ ነበር። እጇ እስከ ደረቷ ተነሣና ቆመ። ለስሟ ስትል ከአውሮፕላን የቀረች ሴት፣ ይህችን አንዲት ነገር መጠየቅ አቃታት። ሁለት ዓመት ሙሉ «አለች» ማለት ትችል ነበር። ከጠየቀች በኋላ ላትችል ነው።

ከኋላዋ ፊሽካ ተነፋ።

የሺሀረግ ዘወር አለች። ጓድ ታረቀኝ አሸዋው ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያሳያል። መኪናው ዘንድ ብትመለስ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው ይሄዳል፣ ወይም አይሄድም፤ እሷ ደግሞ «እሱ ሞተ» የሚለውን ይዛ ስትገላበጥ ትኖራለች። ኖረችም እህቴ ናት፣ ሞተችም መቃብሯ የኔ ነው፣ ምን ያስጠይቀኛል አለች በልቧ።

«ኢንዓም፣ ውሰጂኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ኢንዓም ገበቴዋን አየች፤ ባዶ ነው። ራሷ ላይ ደፋችውና መሻገሪያውን መራቻት።

ውኃው ወገባቸው ሲደርስ ከኋላ ጩኸት ተነሣ። «የሺሀረግ! የት ልትሄጂ ነው! ተመለሺ! ጓዶች፣ ሁላችሁም ወደ መኪና!»

ከዚያ የመነን ድምፅ ውኃውን አቋርጦ መጣ። «ጓድ፣ ተዝናኑ አላልከንም እንዴ?»

«አልቋል! ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል!»

«ኧረ ገና አሁን ነው የያዘን። እናንተ፣ ተነሡ ይላል፤ ትነሣላችሁ?»

«እኔ ወገቤ አይነሣም።»

«እኔም እየተዝናናሁ ነው፣ አትረብሹኝ።»

«ጓድ፣ ዓመቱን ሙሉ ስንቆፍር ጊዜው አልቋል ያለን የለም። ዛሬ ምን አስቸኮለህ?»

የሺሀረግ አንገቷን መልሳ አየች። ሠላሳ አንዷም ሴት አሸዋው ላይ ተዘርግታለች። ጓድ ታረቀኝ ከአንዷ ወደ አንዷ ይሮጣል፤ ሹፌሩ መኪናው ሥር ጥላ ውስጥ ተኝቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አልኮበለለችም ቢል ሠላሳ አንድ ምስክር አለው፤ አመፁ ቢል ደግሞ ፈርሞ ያወጣቸው እሱ ነው። በመጨረሻ «ፀሐይ ከዛፉ በታች ሳትወርድ ተመለሺ! ሰማሽ?» የሚል ድምፅ ተከተላት። የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

የኢንዓም «ቅርብ» ረጅም ነው። የተቃጠለ ሣር አለፉ፣ ደረቅ ጅረት አለፉ፣ ዳገት ወጡ። የሺሀረግ እርጥብ ቀሚሷ እግሯ ላይ እየተጠመጠመ አደከማት። ኢንዓም አንድ ነገር ጀምራ ልትነግራት ስትል፣ «ተይው፣ ስንደርስ» አለቻት።

አርባ ሰባት ቁጥር እንደ ዐሥራ አራት ቁጥር ነው። ያው የሣር ጎጆ፣ በገመድ ተለክቶ የተሰለፈ፤ ያው አቧራ። ኢንዓም ከዳር ያለችውን ጎጆ በአገጯ አሳየቻት። ደጁ ላይ ሰፊ የወንድ ኮት የለበሰ፣ ራሱን የተላጨ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ይፈልጣል። የሺሀረግ ኮቱን ለየችው። ሀብቱ ሠርጉ ላይ የለበሰው፣ ክርኑ ላይ በቡናማ ጨርቅ የተጣፈው ኮት ነው።

ሀብቱ አለ። እንግዲያው የሞተችው ጠጂቱ ናት።

 መንገዱ መሀል፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልደቃችም። ለልቅሶም ጉልበት ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ድካም ተሰብስቦ አንድ ጊዜ ጫንቃዋ ላይ ወጣና ወደ መሬት ተጫናት።

እንጨት የሚፈልጠው ሰው ኮቴ ሰምቶ ዞረ።

«ምነው እቴ፣ አሞሽ ነው? የማን እንግዳ ነሽ?»

ድምፁ የጠጂቱ ነበር።

ኮቱ የሀብቱ፣ ራሱም ለሀብቱ ሐዘን የተላጨ፤ ከሥሩ ያለችው ግን እሷው ናት፤ ግማሽ ሆና፣ ዓይኗ ጎድጉዶ። ጠጂቱ ቀረብ አለች፤ ጎንበስ ብላ አየቻት፤ መጥረቢያው ከእጇ ወደቀ። አንዷ ተቀምጣ አንዷ ተንበርክካ ተያያዙ።  ኢንዓም ገበቴዋን ከራሷ አውርዳ «እሱ አለ» አለች፣ በቀስታ፤ ሲነግሯት ያልሰማችን ሰው እንደምታስረዳ ሁሉ።

ከቤት ገብተው የበቆሎ ንፍሮ በሉ። ጠጂቱ የሀብቱን ነገር አጭር አድርጋ ነገረቻት፤ ነሐሴ ላይ አራት ቀን ታሞ፣ መድኃኒት ያለበት ጣቢያ ሳይደርስ ቃሬዛ ላይ አረፈ።  ከዚያ ንፍሮውን እያየች፣ «ያኔ ብትገቢ ኖሮ» አለች፣ «ሁለት ሆነን እናስታምመው ነበር። ቃሬዛውን የሚይዝልኝ ሰው ስፈልግ ብቻዬን ነበርኩ።»

የሺሀረግ እውነት መሆኑን ታውቃለች።  ባትወድም ይህን ልትሰማ ነው ወንዝ የተሻገረችው።

«እደሪ» አለች ጠጂቱ።

«ሠላሳ አንድ ሴት በኔ ምክንያት አሸዋ ላይ ተኝታለች።»

«አሸዋ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«መዝናናት ነው የሚባል።»

ጠጂቱ ልትስቅ ከጅሏት ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ተወው። ተነሥታ ኮቱን ቆለፈች። ሦስቱም ወደ ወንዙ ወረዱ። መንገድ ላይ የተስማሙበት ኢንዓም ባመጣችው ሐሳብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ባምባሲ ገበያ ትወጣለች፤ ለገበያ የሚወጣ ሰው ወረቀት አይጠየቅም፤ ከዐሥራ አራት ቁጥርም ከአርባ ሰባትም በሌሊት የተነሣ ሰው ለረፋዱ ይደርሳል። «ጨው ተራ» አለች ኢንዓም። «እኔ እዚያ አለ። ሁለታችሁ እዚያ ይመጣል። ኸላስ፣ አለቀ።»

«እግርሽ ይችላል?» አለች ጠጂቱ የእህቷን እብጠት እያየች።

«አይችልም። እመጣለሁ።»

ፀሐይዋ ከዛፉ ሥር ገብታ ነበር። ጓድ ታረቀኝ ጫማውን አውልቆ፣ ከሴቶቹ ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። የሺሀረግ ስትሻገር ሲያያት ተነሣ፤ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ማዶ የቆመችውን ራሷን የተላጨች ሴት ሲያይ ግን ከደነው። «ውጡ እንግዲህ» ብቻ አለ፣ ጫማውን እየፈለገ።

ሴቶቹ አሸዋውን ከቀሚሳቸው እያራገፉ፣ እያቃሰቱ ወጡ። ጠጂቱ ማዶ ጥቂት ቆማ እንጨቷን ሳታስገባ እንዳይመሽባት ዞራ ሄደች።

«በይ ንገሪን» አለች መነን፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ። «ጎኔ በአሸዋ የተላጠው በከንቱ ነው እንዴ? በሕይወት ናት አይደል? ምን አለችሽ? ኧረ እናንተ፣ ይቺ ሴት…»

የሺሀረግ ጭንቅላቷን መነን ትከሻ ላይ ጥላ ተኝታለች። መኪናው ቢያነሣት ቢጥላት አልነቃችም። መነን ትከሻዋን ልትነቀንቅ አሰበችና ተወችው፤ ባምባሲ እስኪደርሱ እንደደነዘዘ ያዘችላት።